የሎሪያን ወደብ (1869)፦ ላ ግሬኑዬር ሲነሳ ቤርት ሞሪዞ ለምን ትረሳለች?

ሸራ_ወዳድ፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣

ኢምፕሬሽኒዝም (የቅጽበትን ብርሃን በፈጣን የቡሩሽ ምት የሚይዘው የፈረንሳይ የሥዕል ስልት) እንዴት ተጀመረ ሲባል የምንሰማው ታሪክ ሁሌም አንድ ነው። በ1869 በጋ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ክሎድ ሞኔና ኦጉስት ሬኗር ከፓሪስ ወጣ ብሎ ላ ግሬኑዬር በሚባል የወንዝ ዳር መዝናኛ ጎን ለጎን ሆነው የሴን ወንዝን ሳሉ። ውሃው ላይ የሚጫወተውን ብርሃን በአጫጭር የቡሩሽ ምት ሸራ ላይ አኖሩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል።

ታሪኩ እውነት ነው። ግን ጎዶሎ ነው።

በዚያው በጋ፣ ከፓሪስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በብሬታኝ ጠረፍ ሎሪያን በምትባል የባሕር ኃይል ከተማ፣ አንዲት የ28 ዓመት ሴትም ውሃ ፊት ለፊት ሸራዋን አቁማ ነበር። ቤርት ሞሪዞ ትባላለች። የሳለችው ሥዕል "የሎሪያን ወደብ" ነው። ዛሬ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ ይገኛል።

ትንሽ ሥዕል ነው። ቁመቱ 43.5፣ ወርዱ 73 ሳንቲ ሜትር። በቀኝ በኩል ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ በሰያፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ግንቡ ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣለች። የሠዓሊዋ ታላቅ እህት ኤድማ ናት። ማዶ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ጀልባዎችና የመርከብ ምሰሶዎች አሉ። የቀረው ሁሉ ውሃና ሰማይ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሚዛኑ ነው። ሥዕል ውስጥ ሰው ካለ አብዛኛው ሠዓሊ ሰውየውን መሐል ያስቀምጠዋል። ሞሪዞ እህቷን ወደ ዳር አድርጋ መሐሉን ለውሃው ሰጠችው። የኤድማ ፊት በጣት በሚቆጠሩ ምቶች ተጠቁሞ ታልፏል። ውሃው ላይ ግን ቆይታበታለች። የሰማዩ ሰማያዊ፣ የቤቶቹ ግድግዳ፣ የጀልባዎቹ ጥቁረት አንድ በአንድ ወርደው ውሃው ላይ ይሰባበራሉ።

ስለ ሞሪዞ ሲጻፍ ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት፣ ወይም ሠዓሊው ኤዱዋር ማኔ (ከሞኔ ሌላ ሰው ነው) ስለሳላት ብቻ ይጻፋል። መልክዓ ምድር ሠዓሊ ሆና መነሳቷን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ላ ግሬኑዬር በተነሳ ቁጥር ሎሪያንም አብራ መነሳት አለባት ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

የባህርዳር_ልጅ፦

እውነቱን ለመናገር ስሟን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሥዕሉን ፈልጌ በስልኬ አየሁት። ደስ ይላል። ጥያቄ አለኝ፦ በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ሥዕል የት ነው የምትማረው? ትምህርት ቤት ይቀበላቸው ነበር እንዴ?

ማለዳ፦

@የባህርዳር_ልጅ አይቀበላቸውም ነበር። የፓሪሱ ትልቁ የጥበብ ትምህርት ቤት፣ ኤኮል ዴ ቦዛር፣ ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1897 ነው። ሞሪዞ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እሷ የተማረችው እቤት ነው። በ1841 ቡርዥ ከተማ ተወለደች። አባቷ ትልቅ የመንግሥት ሹም ነበሩ። ለእሷና ለእህቶቿ የግል አስተማሪ ተቀጠረላቸው። ሐሳቡ ጨዋ ልጃገረድ ፒያኖ እንደምትማረው ሥዕልም ትንሽ ትንሽ እንዲለምዱ ነበር። ጊሻር የሚባለው አስተማሪያቸው ግን የቤርትንና የኤድማን ችሎታ ሲያይ ደነገጠ። እነዚህ ልጆች ለጊዜ ማሳለፊያ የሚስሉ አይሆኑም፣ ሠዓሊ ነው የሚሆኑት፣ ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ ይኼ መዓት ሊሆን ይችላል ብሎ እናታቸውን አስጠነቀቀ። እናትየው ግን አልከለከሉም። በዚህ አከብራቸዋለሁ።

ከዚያ ሁለቱ እህቶች ሉቭር ሙዚየም ገብተው የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እያዩ መገልበጥ ጀመሩ። ቀጥሎ መልክዓ ምድር የሚያስተምራቸው ፈለጉና ካሚይ ኮሮን አገኙ። በዘመኑ በመልክዓ ምድር ስሙ የገነነ ሰው ነው። በ1864 በመንግሥቱ ትልቅ ዐውደ ርእይ፣ ሳሎን በሚባለው፣ ሁለቱም ሥራቸው ተሰቀለ። ቤርት ገና 23 ዓመቷ ነበር፤ ያቀረበችውም መልክዓ ምድር ነው።

የኮሮ_ተማሪ፦

ስለ ኮሮ ከተነሳ የድርሻዬን ልበል። አርት ስኩል ሳለን አስተማሪያችን የኮሮን ሥራ በፎቶ እያሳየ "ቀለሙን ተዉት፣ መጀመሪያ የብርሃኑንና የጥላውን ደረጃ ፈልጉ" ይለን ነበር። የኮሮ ጥንካሬ እዚያ ላይ ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር ባለው መሐል ስንት ዓይነት ግራጫ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር።

የሎሪያንን ሥዕል ስታዩ ኮሮ አጥንቱ ውስጥ አለ። ፎቶውን በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት። ሰማዩና ውሃው በጣም ተቀራራቢ ናቸው። ግንቡ መካከለኛ ነው። ጀልባዎቹ ጠቆር ይላሉ። ከሁሉም ጎልቶ የሚወጣው የኤድማ ቀሚስ ነው። ዳር ላይ ብትቀመጥም ዓይን የማይስታት ለዚህ ነው። @ሸራ_ወዳድ "መሐሉን ለውሃው ሰጠችው" ያልሽው ልክ ነው፤ ለእህቷ ደግሞ ብርሃኑን ሰጠቻት።

ቀሚሱ ራሱ ነጭ ነው ትላላችሁ እንጂ ንጹሕ ነጭ ያለው ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ቦታ ላይ ብቻ ነው። በጥላው በኩል ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ ያደላል። ስቱዲዮ ውስጥ የሚስል ሰው ጥላን በቡኒ ነው የሚያወርደው። ደጅ የቆመ ሰው ግን ጥላ ውስጥ ሰማይ እንደሚገባ ያያል። ይኼን በዓይኗ አይታ ነው የሳለችው፤ ከመጽሐፍ አይገኝም።

ኮሮ ጋ የሌለው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ኮሮ ጠርዞችን ያለሰልሳል፤ ጭጋግ ያለብሳል። ሞሪዞ ምቷን አስቀምጣ ትሄዳለች። አንዱ ምት ጀልባ ነው፤ አንዱ ምት የጀልባው ነጸብራቅ ነው። ተመልሳ አላሻሸችውም። ይኼ ድፍረት ይጠይቃል፤ የሞከረ ያውቀዋል።

ጋሽ_ታዛቢ፦

ጥሩ ክር ከፈትሽ ልጄ። ሥዕሉን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን "ቀድማ አገኘችው" ወደሚል እንዳንሄድ እሰጋለሁ። ሚዛን ይኑረን።

ሠዓሊው ዩጂን ቡዳን በ1860ዎቹ መጀመሪያ ላይ ትሩቪል ባሕር ዳር ቆሞ ቀሚሳቸው በነፋስ የሚነሳ ሴቶችን ይስል ነበር። ሌላው ሠዓሊ ዮንግኪንድ ወደቦችን ስሏል። ሞኔ ራሱ በ1867 "ሳንት አድሬስ ያለው የአትክልት ቦታ" የሚባለውን ሠርቷል፤ ባሕር አለ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች፣ የቀትር ፀሐይ አለ። ስለዚህ ሰውን ደጅ አውጥቶ ብርሃን ውስጥ ማስቀመጥ የዘመኑ ወጣት ሠዓሊዎች ሁሉ ጥያቄ ነበር። የአንድ ሰው ግኝት አይደለም።

የቆርቆሮው የቀለም ቱቦ የወጣው በ1841 ነው፤ ሞሪዞ በተወለደችበት ዓመት። ከዚያ በፊት ዘይት ቀለም ተሸክሞ ሜዳ መውጣት መከራ ነበር። ባቡሩም ተዘረጋ፤ ባሕር ዳር መድረስ ቀለለ። መንገዱ ለሁሉም እኩል ባይሆንም ለብዙዎች ተከፍቶ ነበር።

ሸራ_ወዳድ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ የጨመሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ "ከሁሉ ቀደመች" ማለቴ አይደለም። "እዚያው ነበረች" ነው የምለው። ታሪኩ ሲነገር ግን ዘግይታ የመጣች፣ ከማኔ ሥር የተማረች ተደርጋ ነው የምትቀርበው።

አንድ ማስረጃ ላቅርብ። በ1869 ግንቦት ላይ፣ ወደ ሎሪያን ከመሄዷ በፊት፣ ሳሎኑን ዞራ ካየች በኋላ ለኤድማ ደብዳቤ ጽፋለች። በደብዳቤው ፍሬዴሪክ ባዚይ ያቀረበውን ሥዕል ታነሳለች። ቀለል ያለ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ መንደር ይታያል። ሥዕሉ ዛሬ ሞንፔሊዬ በሚገኘው ፋብር ሙዚየም ነው። ሞሪዞ ብርሃኑን ካደነቀች በኋላ ምን አለች መሰላችሁ? ይኼ ሰው የሚፈልገው እኛ ስንት ጊዜ የፈለግነውን ነው፤ ሰውን ደጅ፣ አየር ላይ ማስቀመጥ። በዚህኛው የተሳካለት ይመስለኛል አለች።

"እኛ" የምትለው እሷና ኤድማን ነው። ሁለቱ እህቶች ይኼን ጥያቄ ለዓመታት ሲያብላሉት ነበር ማለት ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባቡር ተሳፍራ ሎሪያን ወረደች፤ እዚያም ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን እህቷን ደጅ አስቀመጠቻት። ባዚይ በጥላ የሠራውን እሷ በፀሐይ፣ በውሃ ዳር ሠራችው። ይኼ ከማንም ሥር ሆኖ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

በዚያ ላይ ከ1869 በፊት የሠራችውን አብዛኛውን ራሷ አጥፍታዋለች። ለራሷ ምሕረት አልነበራትም። ስለዚህ የሎሪያኑ ሥዕል ከምንም ተነስቶ የበቀለ ይመስለናል። ከሥሩ ግን አሥር ዓመት የሚሞላ ልፋት አለ። የተረፈ ጥቂት ነው፤ ለምሳሌ በ1865 ኖርማንዲ ውስጥ የሳለችው የሣር ክዳን ጎጆ አለ፤ ቀጫጭን የዛፍ ግንዶች በመስመር ቆመው ጎጆዋ ከኋላቸው ትታያለች።

ማለዳ፦

ስለ ሚዛንና ስለ ጥላ ያላችሁት ሁሉ ደስ ይላል። ግን ኤድማን ዝም ብላችሁ "ነጭ ቀሚስ" አደረጋችኋት። እኔ ሥዕሉን ሳይ የማያት እሷን ነው።

ኤድማ እኮ ሠዓሊ ናት። ከቤርት ጋር አብራ ተማረች፣ አብራ ሉቭር ዋለች፣ አብራ ሳሎን አቀረበች። ኮሮ የእሷን ሥራ ያደንቅ ነበር። በ1869 መጋቢት አዶልፍ ፖንቲዮን የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን አገባች። ሎሪያን የሄደችው ባሏ እዚያ ስለተመደበ ነው። ቡሩሹም በዚያው ቀረ።

ከሎሪያን ለእህቷ የጻፈችውን ሳነብ ሆዴ ይባባል። በሐሳቤ ካንቺ ጋር ነኝ፣ ስቱዲዮሽ ውስጥ ነኝ፣ ለሩብ ሰዓት እንኳ አምልጬ ያንን ስንት ዓመት አብረን የኖርንበትን አየር ብተነፍስ ደስ ይለኛል ትላለች። ሩብ ሰዓት ነው የለመነችው!

ከዚያ ቤርት መጣች። በፊት ቢሆን ሁለቱም ሸራቸውን አቁመው ጎን ለጎን ይስሉ ነበር። አሁን አንዷ ሠዓሊ፣ ሌላዋ ሞዴል ሆኑ። ኤድማ አንገቷን ደፋ አድርጋ ግንቡ ላይ ቁጭ ብላለች። ወደቡን አታይም፤ እህቷንም አታይም። ይኼን ትቼ ስለ ሰማያዊ ጥላ ማውራት አልችልም።

የኮሮ_ተማሪ፦

ማለዳ፣ ያልሽው ልብ ይነካል፤ አልከራከርሽም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ታሪኩን ሳታውቂ ሥዕሉን ብታዪው ሐዘን ይታይሻል? ለእኔ የሚታየኝ የጠራ የበጋ ቀን ነው። አንገቷን ያቀረቀረችው ፀሐዩ ስለበዛባትም ሊሆን ይችላል። ሞሪዞ ሐዘን መሳል ብትፈልግ ፊቷን ትሠራው ነበር። አልሠራችውም። ከውሃው ጋር እኩል በአንድ ዓይነት ምት አለፈችው።

ማለዳ፦

ፊቷን ያልሠራችው እኮ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። እህቷ ናት፤ ስንት ጊዜ ስላታለች። ማየት አቅቷት አይደለም። አንዳንዱን ነገር ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው የሚያልፈው።

ሸራ_ወዳድ፦

ሁለታችሁንም ሰማሁ። እኔ ወደ የኮሮ_ተማሪ አደላለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ሴት ሠዓሊ በሆነች ቁጥር ሥራዋን በቤተሰቧ ታሪክ መፍታት ይቀናናል። የሞኔን የባሕር ሥዕል ስናይ ስለ እህቱ አንጠይቅም፤ ስለ ብርሃን እናወራለን። ሞሪዞም ያንን ያህል ዕድል ይገባታል። ኤድማ አትረሳ፤ ግን መጀመሪያ ውሃውን እንይ።

ኑሮ_ስቶክሆልም፦

እኔ የምኖርበት ከተማ ናሽናል ሙዚየም ውስጥ የሬኗር ላ ግሬኑዬር አለ፤ ክሩን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ደግሜ አየሁት። የሞኔው ደግሞ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሬኗር ላይ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ሰው በሰው ላይ ነው፣ ጀልባ ይወዛወዛል፣ ውሃው ራሱ አያርፍም። የሎሪያን ውሃ በአንጻሩ ወደብ ውስጥ የታገደ ውሃ ነው። ረግቷል። ስለዚህ ነጸብራቁ ረዘም ብሎ ይወርዳል እንጂ አይበተንም። እነሱ የተነካካ ውሃ ሳሉ፣ እሷ የቆመ ውሃ ሳለች። ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል ብትሉኝ የቆመው ይመስለኛል፤ ትንሽ ካሳሳትከው መስታወት ወይም መሬት ይሆንብሃል።

ሌላ ያየሁት ነገር፦ ላ ግሬኑዬር ወጣት ወንዶችና ሴቶች የሚዋኙበት፣ የሚጠጡበት፣ ስሙም ትንሽ የሚነሳ ቦታ ነበር። ሞሪዞ ብትፈልግ እንኳ እዚያ ቁጭ ብላ መሳል አትችልም። የጨዋ ቤተሰብ ያላገባች ልጅ ብቻዋን የትም አትወጣም፤ ሉቭርም ስትሄድ እናቷ ወይም ሌላ ጠባቂ ይከተላት ነበር።

የባህርዳር_ልጅ፦

@ኑሮ_ስቶክሆልም ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ታዲያ ወደቡን እንዴት ሳለችው? ወደብ ደግሞ የመርከበኛና የጫኝ አውራጅ ቦታ አይደል?

ሸራ_ወዳድ፦

እህቷ አጠገቧ ስለነበረች ነዋ። የእህቷ ባል ደግሞ የከተማው የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ከማኅበራዊ ኑሮው አንጻር ስታየው ኤድማ ሞዴል ብቻ አይደለችም፣ የቤርት የይለፍ ወረቀትም ናት። ያገባች እህት አብራት ከተቀመጠች ማንም ምንም አይልም። ግንቡም ከተማው ዳር፣ ከወደቡ ግርግር ራቅ ያለ ይመስላል። የሠራተኞች ውክቢያ አይታይም፤ ጀልባዎቹም ከሩቅ ናቸው።

የኮሮ_ተማሪ፦

ደጅ የመሳል ጉዳይ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። ፒያሳ ኢዝል (የሸራ ማቆሚያ) አቁማችሁ ሞክሩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሕፃናት ይከቡሃል፤ አንዱ "ጋሼ እኔን ሳለኝ" ይላል፤ አንዱ ቀለሙን ይነካል፤ አንድ አዋቂ ደግሞ መጥቶ "ፈቃድ አለህ ወይ?" ይላል። ለሴት ጓደኞቼ ደግሞ ይብሳል፤ ለከፋው አለ። አንዷ የክፍል ጓደኛዬ መንገድ ላይ መሳል የተወችው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞሪዞም ይኼው ነው የደረሰባት። በ1874 መጨረሻ አግብታ በ1875 እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ ሜዳ ውስጥ ኢዝሏን እንዳቆመች የልጆች መዓት ከቦ ይጮህባት ጀመር። ነገሩ በጭቅጭቅ አለቀ፤ የሜዳው ባለቤትም መጥቶ ሳታስፈቅዱ ለምን ገባችሁ ብሎ ተቆጣ። ወደብ ላይ ስትስል ደግሞ ጀልባዎቹ አልቆም ብለው፣ ሰዎቹ እየመጡ እየሄዱ፣ አስቸገሩኝ እያለች ጽፋለች። የ150 ዓመት ደብዳቤ ነው፤ የእኔን የትናንት ውሎ መሰለኝ።

ስለዚህ ያን ቀን ሎሪያን ላይ ያገኘችው ጸጥታ ብርቅ ነው። ቁጭ ብላ፣ ሳትቸኩል አይታለች። ምቱ ፈጣን ነው፤ እይታው ግን የተረጋጋ ነው።

ማለዳ፦

ሥዕሉ ፓሪስ ሲደርስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኤዱዋር ማኔ አይቶ እጅግ ወደደው። ከአንድ ዓመት በፊት ሉቭር ውስጥ ነው የተዋወቁት፤ ሠዓሊው ፋንታን ላቱር ነው ያስተዋወቃቸው። በዚያን ሰሞን ማኔ ለፋንታን ሲጽፍ እህትማማቾቹ ደስ ይላሉ፣ ወንድ አለመሆናቸው ያሳዝናል ብሎ ነበር። የሎሪያኑን ሥዕል ሲያይ ግን ድንቅ ሥራ ነው አለ። እሷም ሰጠችው። በቃ፣ በስጦታ!

በዓመቱ ደግሞ ሌላ ሆነ። ኤድማ ለመውለድ ወደ ፓሪስ መጥታ ሳለ ቤርት እናቷንና እሷን አንድ ላይ ሳለቻቸው፤ እናትየው ጥቁር ለብሰው መጽሐፍ ያነባሉ፣ ኤድማ አጠገባቸው ናት። ለ1870 ሳሎን ልትልከው ስትዘጋጅ ተጠራጠረች። ማኔ ትንሽ አስተካክልልሻለሁ ብሎ ቡሩሹን አነሳ። ከቀሚሱ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ደረቱን፣ ጭንቅላቱን፣ የኋላውን ሁሉ ነካካው። ሲጨርስ ሥዕል ተሸካሚው በር ላይ ቆሞ ነበር። እሷ አፈረች፤ ሥራው ተቀባይነት አገኘ ከሚባል ወንዝ ውስጥ ብገባ ይሻለኛል እስከማለት ደረሰች። ተቀባይነት አገኘ።

"ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረት ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ያመኛል። እዚህ ታሪክ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ማኔ በክፋት አላደረገውም፤ ያከብራትም ነበር። ግን የወንድ ጓደኛውን ሸራ እንዲህ ከታች እስከ ላይ ይቀባ ነበር? ደጋግሞ ሲስላት እንኳ አንድ ቀን ቡሩሽ አስይዞ አልሳላትም። ማራገቢያ አላት፣ አበባ አላት፣ ጥቁር ባርኔጣ አላት። ቡሩሽ ይዛ፣ ሸራዋ ፊት ቆማ የሳለቻት ኤድማ ናት፤ ከማግባቷ በፊት፣ በ1865 ገደማ። ኤድማን ስለምን አነሳለሁ ለምትሉ ይኼው ነው።

ሸራ_ወዳድ፦

ማለዳ፣ ይኼ የመጨረሻው ነጥብሽ አሳመነኝ። የኤድማን ሥዕል ከሎሪያኑ ጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። አንዷ ሌላዋን ሠዓሊ አድርጋ ሳለቻት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ያችኛዋ ይችኛዋን ወደብ ዳር አስቀምጣ ሳለቻት።

ጋሽ_ታዛቢ፦

ልጆች፣ እኔ ፓሪስ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ የቀረውን ጥቂት ልጨምር።

በ1874 ሚያዝያ እነሞኔ፣ ደጋ፣ ፒሳሮና ሬኗር ከሳሎኑ ተለይተው ካፑሲን ጎዳና ላይ፣ ፎቶ አንሺው ናዳር ለቆት በሄደው ስቱዲዮ የራሳቸውን ዐውደ ርእይ ከፈቱ። ማኔ አልገባም አለ፤ ሞሪዞንም አትግቢ አላት። እሷ ግን ገባች። ሳሎኑ ከ1864 ጀምሮ ሲቀበላት የነበረች ሰው ናት፤ የምታጣው ነገር ነበራት። ከስምንቱ የቡድኑ ዐውደ ርእዮች ሰባቱ ላይ አቅርባለች። የቀረችው በ1879 ብቻ ነው፤ ልጇን ዡሊን ወልዳ በነበረ ጊዜ።

ስድቡም አልቀረላትም። በ1876 አልበርት ቮልፍ የተባለ ሐያሲ ፊጋሮ ጋዜጣ ላይ አምስት ስድስት እብዶች፣ ከመካከላቸው አንዷ ሴት፣ ተሰብስበው ሥራቸውን አሳዩ ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገ ጨረታ ላይም አንዱ ሰው ሰደባትና ፒሳሮ በቡጢ መታው ይባላል። ባሏ ኧዤን ማኔ፣ የኤዱዋር ወንድም፣ ሥራዋን ከልቡ የሚደግፍ ሰው ነበር። ይኼም ይነገርለት።

በ1895 በ54 ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተች። የታመመች ልጇን ስታስታምም ነው የያዛት። የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ "ሥራ የላትም" ተብሎ ተጻፈ። ፓሲ መቃብር ሄጄ ድንጋዩን አይቼዋለሁ፤ የኧዤን ማኔ ሚስት እንደነበረች ይናገራል፣ ሠዓሊ መሆኗን አይናገርም። ሥራዋን በብዛት ማየት የሚፈልግ ከዚያ ብዙም የማይርቀው ማርሞታን ሞኔ ሙዚየም ይሂድ።

ስለ ሎሪያንም አንድ ነገር። በ1943 መጀመሪያ ላይ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ማረፊያ ስለነበረች የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደብድበው ከተማዋን አጠፏት። ከጦርነቱ በኋላ እንደ አዲስ ነው የተሠራችው። ሞሪዞ ማዶ የሳለቻቸውን ቤቶች ዛሬ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ያንን መልክ አያገኘውም።

የባህርዳር_ልጅ፦

ስንት ነገር ተማርኩ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ወጥቼ በውሃ ቀለም ሞከርኩት። ውሃው መሬት መስሎ ቀረብኝ። @የኮሮ_ተማሪ ወንድሜ፣ ከየት ልጀምር?

የኮሮ_ተማሪ፦

ከነጸብራቁ ጀምር። ውሃውን "ውሃ" ብለህ ሰማያዊ አትቀባው። ከላዩ ያለውን ነገር እይ፤ ታንኳ ከሆነ የታንኳውን ቀለም አውርድ፣ ከራሱ ከታንኳው ግን ትንሽ ደብዘዝ አድርገው። ጥቁር ነገር ወደ ውሃ ሲወርድ ይነጣል፣ ነጭ ነገር ሲወርድ ይጠቁራል። ምቱን ወደ ታች አውርደህ ጨርስና በመጨረሻ ሁለት ሦስት አግድም ምት ብቻ ጣልበት። አግድሙ ነው ውሃውን የሚያስተኛው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውጣ። አንድ ሰዓት አካባቢ ጣና የሎሪያንን ያህል ይረጋል።

ኑሮ_ስቶክሆልም፦

@ሸራ_ወዳድ፣ በሚመጣው ወር ዲሲ ዘመድ ልጠይቅ እመጣለሁ። ሥዕሉን ማየት እንዴት ይቻላል?

ሸራ_ወዳድ፦

እንኳን ደህና መጣሽ ከአሁኑ! መግቢያው ነፃ ነው፤ ሙዚየሙ ናሽናል ሞል ላይ ነው። ከሁለቱ ሕንፃዎች ዌስት ቢልዲንግ የሚባለው ውስጥ ገብተሽ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮችን ጠይቂ። ሥዕሎቹን አንዳንዴ ለሌላ ዐውደ ርእይ ስለሚያውሷቸው ከመሄድሽ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ ተሰቅሎ እንደሆነ አረጋግጪ።

እዚያው ሙዚየም ማለዳ የነገረችን የእናትና የእህት ሥዕልም አለ። ሁለቱንም በአንድ ቀን እያቸው። የእናትየው ጥቁር ቀሚስና ፊት ላይ ያለውን ምት ከኤድማ ነጭ ልብስ ጋር አስተያዪው፤ የማኔ እጅ የት ጋ እንደገባ ራስሽ ትለይዋለሽ። ስትመለሺ እዚሁ ጻፊልን። ማለዳና የኮሮ_ተማሪ ስለ ኤድማ አንገት ገና አልተስማሙም፤ ያንቺን ዓይን እንጠብቃለን።